ዘውዴ ፍሪጁ

አቶ ዘውዴ ሞተ ብለው ሲነግሩኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አይደለም፣ ሽታ ነው። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ የዋለና ያደረ የተፈጨ ሥጋ ሽታ። የነገረኝ የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ነው። "እግዜር ያጥናህ፣ የድሮ ባልደረባህ ነበሩ አሉ" አለኝ። አሜን አልኩና በሩን ዘግቼ አፍንጫዬን በመሐረብ ጠረግኩ፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ።

በሕይወት ሳለ አንቱ እለው ነበር። በሃያ ዓመት ይበልጠኛል፣ አስተዳደጌም አይፈቅድልኝም። ዛሬ ግን እጄ እምቢ ስላለኝ አንቱታውን ትቼ እጽፋለሁ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይባላል። ያድርገኝ፣ ምን ይመጣል።

ነገሩ የሆነው የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ኮልፌ፣ ከቀራንዮ መንገድ ገባ ብሎ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነበር፤ ባለቤቱ ሙሴ የምንለው ፈረንጅ ነው። ሥራው አገር ጎብኚዎችን ተቀብሎ ወደ ሐይቆቹ መላክ ነበር። አማርኛው ከ"ቶሎ በል" አያልፍምና እኔን በአስተርጓሚነት ቀጠረኝ። ንብረቱ አንድ የቤት መኪና ነበር። ከውጭ ሲያዩት አነስተኛ አውቶቡስ ይመስላል፣ ውስጡ ግን አልጋ፣ ምድጃ፣ የእጅ መታጠቢያና ከወገብ የማያልፍ ነጭ ፍሪጅ አለው። የኮልፌ ሰው አልጋው አልደነቀውም፤ ሰው መኪና ውስጥ ሲተኛ አይቶ ያውቃል። የደነቀው ፍሪጁ ነው።

ፍሪጁ በሦስት ነገር ይሠራል። ግቢ ውስጥ ሲቆም ከግድግዳው ሶኬት ኤሌክትሪክ ይሰጡታል። መንገድ ላይ ሞተሩ እየሠራ ከመኪናው ባትሪ ይስባል። መብራት በሌለበት ሲሰፍሩ ደግሞ ከሥሩ በቡታጋዝ ትንሽ ሰማያዊ እሳት ይለኮስለታል። ከሥር እሳት እየነደደ ከላይ በረዶ ይጋገራል ማለት ነው። ይህን የሰማ የሰፈር ሰው ያማትብ ነበር። ከሦስቱ ወደ አንዱ የምታዞረው መዘውር አንዲት ብቻ ናት፤ ያቺን መዘውር የሚነካትም ሾፌሩ ዘውዴ ብቻ ነበር። ዘውዴ ፍሪጁ የሚል ስም የወጣለት ለዚህ ነው። ስሙንም ወደደው፤ ሲጠሩት ደረቱን ነፋ አድርጎ ነበር የሚዞረው።

መኪናውን ከወደብ ያመጣው እሱ ነው። እዚያ አንድ መካኒክ ሦስቱን ቦታ በጣቱ አሳየው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መዘውሯን ከአባቱ የወረሰው ርስት አደረጋት። ሊያዞራት ሲፈልግ ሁላችንንም ከመኪናው ያስወርደናል። መጋረጃውን ይጋርዳል። ፍሪጁ ዘመም ካለ ስለማያቀዘቅዝ ውሃ ልክ ይዞ ይገባና በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ከጎማው ሥር ድንጋይ እንድናስገባ ያዘናል። "ወደ ቀኝ ጨምሩ። ትንሽ ቀንሱ። በቃ፣ እጃችሁን አንሱ።" ድንጋዩ ለምን እንደሚገባ ግን አንድም ቀን አልነገረንም። ሲጨርስ የለኮሰበትን ክብሪት እንጨት በጥርሱ ይዞ ይወርዳል። በዚያው እንጨት ጥርሱን ይጎረጉራል፣ ያወጣውን ወደ ብርሃን አቅንቶ ያየዋል፣ ካየው በኋላ መልሶ ይበላዋል። ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁ አልቆጠርኩም። እስከ ዛሬ ክብሪት ስጭር እንጨቱን ሳላይ እጥለዋለሁ።

እንዴት ነው የሚሠራው ብሎ ለጠየቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ "ሙያ በልብ ነው።" አባባሉ ሰው በሚችለው ነገር እንዳይፎክር የተባለ ነበር። ዘውዴ ግን ሰው ለሰው እንዳያስተምር አዋለው። አንድ መኪና አጣቢ ነበረን፤ ፍሪጁን ከውስጥ ሲያጸዳ መዘውሯን ጥቂት ቢያንቀሳቅሳት ዘውዴ ሮጦ ወደ ሙሴ ሄደ። "መኪናውን ሊያፈነዳው ነበር በለው" አለኝ። አልኩለት። አጣቢው በዚያው ቀን ተባረረ።

ደግሞ ምስጢር ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር። በፍሪጁ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። አንድ ቀን ለእንግዶች ቢራ ላወጣ ስከፍተው አነበብኩት። ሞተሩ ሲጠፋ በባትሪ አትተዉት፣ ባትሪውም ያልቃል ቅዝቃዜውም ይቋረጣል። ስትቆሙና መብራት ከሌለ ወደ ጋዝ አዙሩ፣ እሳቱ ሰማያዊ መሆኑን ከውጭ በወንፊቱ እዩ። ስትነዱ ጋዙን አጥፉ። ቀጥ ባለ ቦታ ይቁም። በቃ። የዘውዴ ጥበብ አራት መስመር ነበረች። ቀና ስል እሱ የመኪናው በር ላይ ቆሟል።

"ቢራውን አገኘኸው?" አለኝ።

"አገኘሁት፣ አቶ ዘውዴ።"

የፍሪጁን በር ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ወረቀት አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

ወጥ ቤቷ እትዬ ትብለጥ ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሁለት ሴት ልጆች የሚያሳድጉ፣ ወላጆቻቸው ከጎጃም የመጡ ሴት ናቸው። እኔ በዘመኔ እንደሳቸው ያለ አፍንጫ አላየሁም። ሥጋ ሲመጣ ሳይነኩ አስቀድመው ያሸቱታል። ከተበላሸ አይናገሩም፣ አይጣሉም፤ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ፊታቸውን ያዞራሉ። ባለ ሉካንዳው ያቺን ነጠላ ያውቃታል፣ ሳይከራከር ይለውጣል። ሰፈር ውስጥ ድግስ ሲኖር ወጡ ከመውጣቱ በፊት እሳቸውን ጠርተው ያስሸትቷቸው ነበር። ሙያቸውም ኩራታቸውም እዚያች አፍንጫ ላይ ነው ያለው።

ከዘውዴ ጋር የሚያጋጫቸውም ይኸው ነበር። ዘውዴ ለራሱ የገዛውን ያልታጠበ ጨጓራ በጋዜጣ ጠቅልሎ ከእንግዶቹ ቅቤ አጠገብ ይከተዋል። የጋዜጣው ጫፍ ርሶ አረንጓዴ ውሃ ያንጠባጥባል።

"አቶ ዘውዴ፣ ይኼን ፈርስ ከሰው ቅቤ ጋር ምን አጎራበተው?" ይሉታል።

"ፍሪጅ የገባ ነገር አይሸትም፣ ወይዘሮ። ቅዝቃዜ ሽታ ይገድላል።"

"የኔን አፍንጫ ግን አልገደለውም።"

ሣቅን። እሱ አልሣቀም።

የጥቅምት መድኃኔዓለም ሰኞ ላይ ዋለ። ረቡዕ ሦስት እንግዶች ይመጣሉ፤ አንድ ባልና ሚስት፣ ከነሱ ጋር የባልየው አሮጊት እናት። የሙሴ ልማድ እንግዶቹን ከመላኩ በፊት የመጀመሪያውን ምሳ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከመኪናው ፍሪጅ በወጣ ሥጋ ማብላት ነበር፤ መኪናውን እንዲለምዱት ነው። ስለዚህ እትዬ ትብለጥ ሰኞ በጠዋት ለፖልፔቲ፣ ተድቦልቡሎ ለሚጠበሰው የፈረንጅ ምግብ፣ የሚሆን ሥጋ አስፈጭተው አመጡ፣ አሽትተው ፍሪጁ ውስጥ ከተቱት። ወዲያው መብራት ጠፋ። በዚያ ሰፈር የመብራት መጥፋት አዲስ ነገር አልነበረም፤ መዘውሯን ወደ ጋዝ አዙሮ እሳቱን መለኮስ ብቻ ነው።

ዘውዴ ግን ወደ ማኅበሩ ሊሄድ ነጭ በነጭ ለብሷል። ጋዙን ለመለኮስ በሆድ ተኝቶ፣ ጥላሸት የጠጣውን የታችኛውን ክዳን ከፍቶ እጅን ማስገባት ያስፈልጋል። ገባ፣ መጋረጃውን ጋረደ፣ ወዲያው ወጣ። ልብሱ ላይ አንዲት ነጥብ የለም። ክብሪትም በጥርሱ አልያዘም። "ሠርቻታለሁ፣ እንዳትነኩ" ብሎን ሄደ።

ዞሬ ከውጭ በወንፊቱ አየሁ። ሰማያዊ እሳት የለም። በመስኮቱ፣ በመጋረጃው ክፍተት አሻግሬ መዘውሯን አየሁ፤ ባትሪው ላይ ናት። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪ ላይ። ከምሽት በፊት እንደሚያልቅ ወረቀቱ ነግሮኛል። መግባት፣ ማዞር፣ ክብሪት መጫር፤ ከአምስት ደቂቃ የማያልፍ ሥራ ነበር። አልገባሁም። እንደ አጣቢው እንዳልባረር ፈርቼ ነው ብል እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ያስጠላኛል። ዘውዴ ሲዋረድ ማየት ፈልጌ ነበር። ፍሪጁን ሲከፍት ሽታው ፊቱን ሲመታው፣ ሁሉም ሰው ሲያየው፣ ያ 'ሙያ በልብ' ሲጋለጥ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዓይኑ ደፍርሶ፣ የትናንቱ ጠላ ከላብ ጋር እየሸተተው መጣ። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ መኪናውን ስታነድደው ውላለች። ፍሪጁን ሲከፍት እኔ ከበሩ ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር። ሽታው እኔ ድረስ መጣ፤ ጣፋጭ ነገር አለበት፣ አፍ ውስጥ የሚቀር። ዘውዴ በሩን መለሰው። ግራ ቀኝ አየ፣ እኔን አየ። ትንሽ ቆይቶ መብራት ተመልሶ መጣ። መዘውሯን ወደ ኤሌክትሪኩ አዞረና ወረደ። እኔ እሱ እስኪናገር ጠበቅኩ፣ እሱም እኔ እስክናገር የጠበቀ ይመስለኛል። ሁለታችንም ወደየቤታችን ሄድን።

ረቡዕ እትዬ ትብለጥ ሥጋውን ሲያወጡ በደንብ ቀዝቅዟል። አፍንጫቸውን አስጠጉ። ነጠላቸው ወደ ላይ ሄደች።

"ይኼ ሥጋ ተበላሽቷል" አሉ።

ዘውዴ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። "ይንኩት እስቲ። አይቀዘቅዝም?"

"ይቀዘቅዛል።"

"የቀዘቀዘ ሥጋ ሲበላሽ የት አይተዋል? የሚሸትዎት ጋዙ ነው። ቡታጋዝ ለማያውቀው ሰው የሥጋ ሽታ ይመስለዋል።"

ሌላ ቀን ቢሆን ቆንጥረው ጠብሰው በምላሳቸው ይዳኙት ነበር። ግን ረቡዕ ነው። እሳቸው ይጾማሉ፣ ዘውዴ ይጾማል፣ እኔም እጾማለሁ፣ ዘበኛውም ይጾማል። ሙሴ እንግዶቹን ሊያመጣ ሄዷል፤ ከግቢው ያንን ሥጋ አፉ ውስጥ የሚያደርግ ሰው አልነበረም። ያ ሁለት ቀን የቆየ ፈርስ ከቅቤ ጋር ያስቀምጥ የነበረ ዘውዴ ጾሙን ጠብቆ፣ አፉን ንጹሕ አድርጎ ቆሟል። እትዬ ትብለጥ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ የተማርክ ነህ፣ ታደሰ። ጋዝ እንዲህ ይሸታል?"

ዘውዴ አየኝ። እኔ እሳቸውን አላየሁም።

"አቶ ዘውዴ ያውቃሉ፣ እትዬ" አልኩ።

ነጠላቸውን ከአፍንጫቸው ላይ ቀስ ብለው አወረዱ። ነጭ ሽንኩርት አብዝተው ፖልፔቲውን ሠሩት።

ከምሳ በኋላ የሆነውን በዝርዝር መጻፍ አልፈልግም፣ ግን ያጠብኩት እኔ ስለሆንኩ ጥቂቱን መናገር መብቴ ነው። ሴትየዋ የመኪናውን ደረጃ ይዛ አስመለሰች፣ ባልየው መጸዳጃ ቤቱ ድረስ አልደረሰም። አሮጊቷ አልጋው ላይ እንደተኙ ሁሉም ነገር ከሁለቱም በኩል ወጣ። ሦስቱም ሐኪም ቤት ተወሰዱ፤ አሮጊቷ ሳምንት ተኝተው ዳኑ። ዘውዴ ከአጥሩ ሥር ቆሞ በክብሪት ጥርሱን እየጎረጎረ ስናጥብ ያየን ነበር።

ሙሴ ከሐኪም ቤት ሲመለስ ሁላችንንም አቆመን። ዘውዴ ቀድሞ ተናገረ። "ሥጋውን ሰኞ ዕለት ፀሐይ ላይ ትታው ነው የከተተችው። ፍሪጄ አንድ ደቂቃ አልቆመም።" ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩ። ሙሴ ወደ እትዬ ትብለጥ ዞረ። እሳቸውም በዝግታ፣ "አፍንጫዬ ነግሮኝ ነበር። የሚሸትዎት ጋዝ ነው ሲሉኝ እነሱን አመንኩ፣ የራሴን አፍንጫ ካድኩት። ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። ሙሴ ችኩል ሰው ነበር። እኔም አሳጠርኩለት። በእንግሊዝኛ ያልኩት "ጥፋቱ የኔ ነው ትላለች" ብቻ ነው።

ቢላቸውንና ጭልፋቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወጡ። "ፈረንጅ የመረዘች" የሚለው ወሬ ከሳቸው ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። ለድግስ የሚጠራቸው ጠፋ። ያሳጠርኩት ትርጉም ይህን ሁሉ እንደሚያመጣ አላሰብኩም ብል ደግሞ ውሸት ነው።

በኋላ አብዮቱ መጣ፣ ሙሴ አገሩ ገባ። የቤት መኪናው ግቢው ውስጥ ቆሞ ቀረና ጎማው ወለቀ፤ በመጨረሻ ፍሪጁ ውስጥ ዶሮ ዕንቁላል ስትጥልበት አይቻለሁ። ዘውዴ ግን አልወደቀም። ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ "የፍሪጅ ባለሙያ" የሚል ታፔላ ሰቅሎ ሱቅ ከፈተ። ረዳት ይቀጥራል፣ ሊጠግን ሲል ረዳቱን ውጭ ያስቆማል፣ መጋረጃ ይጋርዳል። በሱ እጅ የወጣ አንድ ባለሙያ የለም።

እትዬ ትብለጥ ጦር ኃይሎች አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት ነበረቻቸው። እየሄድኩ እበላ ነበር። ወጥ ከማቅረባቸው በፊት ድስቱን ይዘው ወደ አንዱ ደንበኛ ይመጣሉ። "እስቲ አሽትልኝ። የኔ አፍንጫ አንዴ ከድቶኛል፣ አላምነውም" ይላሉ። እኔ ካለሁ ወደ እኔ ነው የሚመጡት፣ የድሮ ሰው ነኝና። ድስቱን አፍንጫዬ ሥር ይደግኑታል። "ደህና ነው፣ እትዬ" እላለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አሸተትኩላቸው። አንድም ቀን ያ አፍንጫ አልከዳዎትም አላልኳቸውም። መጀመሪያ አፈርኩ፤ ቆይቶ ደግሞ ጊዜው አልፏል አልኩ። ያፈረ ሰው ሰበብ አያጣም።

ለቅሶው ቤት የሄድኩት ቀብሩ በተፈጸመ ማግስት ነው። ድንኳኑ ጢም ብሏል። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው አቶ ዘውዴ ስንቱን አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ እንዳበቃ ሲናገሩ ድንኳኑ ሁሉ አንገቱን ነቀነቀ።  ቦታ ስፈልግ እትዬ ትብለጥ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል። ያስባረራቸው ሰው ለቅሶ ላይ እንኳ መቅረት አያውቁበትም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

የሟቹ ሚስት ወይዘሮ በላይነሽ ከፍራሹ ላይ አይተውኝ ጠሩኝ፤ ድምፃቸው በልቅሶ ጎርንኗል።

"ታደሰ አስተርጓሚው አይደለህ? እኔን። ስላንተ ሳያነሣ የዋለበት ቀን የለም።"

"እግዜር ያጥናዎት" አልኩ።

"ልጆቹን ሲመክር በምሳሌ የሚያነሣው አንተን ነበር። 'ያ ልጅ የፍሪጁን ወረቀት አንብቦ ሁሉንም ነገር ያውቅ ነበር። ያቺ ፍሪጅ በባትሪ የቀረች ጊዜ በመስኮት አይቷታል፣ እኔም ከአጥሩ ውጭ ሆኜ በቆርቆሮው ሽንቁር ሲያይ አይቼዋለሁ። ሥጋው ሲበላሽ ዝም፣ ሙሴ ሲጠይቅ ዝም። ሙያ በልብ ማለት እንደሱ ነው' ይል ነበር።" እንባቸውን ጠረጉ። "እንደራሱ ነበር የሚያይህ።"

እንደራሱ። በሕይወቴ እንደዚያ የቀፈፈኝ ምስጋና የለም። ዘውዴ ያንን ቀን እስኪሞት ድረስ ሲያስብ ያየው የኔን ጥፋት አልነበረም፣ ወንድሙን ነበር። ጥርሱን ጎርጉሮ ያወጣውን ሲያይ እንደነበረው ወደ ብርሃን አቅንቶ አየኝና ወደደኝ።

 ከጎኔ እትዬ ትብለጥ ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ።

"ፍሪጁ ቆሞ ነበር?"

"ቆሞ ነበር፣ እትዬ።"

"ሥጋው ሸቶ ነበር?"

"ሸቶ ነበር።"

"ጋዝ አልነበረም።"

"አልነበረም።"

ይቅርታ ልበል ብዬ አፌን ከፈትኩ። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ፣ ተነሥተውም ከፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ሄደው ተቀመጡ።

የእድሩ ሴቶች ምግብ ማዞር ጀመሩ። እትዬ ትብለጥ ሳህናቸውን ተቀብለው ነጠላቸውን አወረዱ፣ ጎንበስ ብለው ወጡን ረጅም ጊዜ አሸተቱት። ከዚያ ቆርሰው ጎረሱ። ማንንም አሽትልኝ አላሉም።